በወንድሜ ለቅሶ ላይ የተረጨው ውሃ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ። በዚያ ዓመት ከሁለት ሰው ጋር ተደባደብኩ። የሁለቱም ጠብ መነሻ ሴቶች ፊታቸው ላይ የሚረጩት ውሃ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አንደኛው ቅንድቤን ተርትሮልኛል፤ የሌላኛውን ክንድ እኔ ሰብሬዋለሁ። እነሱ አልሳቁም።

ልጄ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የኮስሞቲክስ ሱቅ አላት። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሳለማ ነው። ጉልበቴ በቦዩ ዳር መሄድ እምቢ ሲለኝ ማሳውን ለታላቁ ልጄ ትቼ እሷ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ዘበኛ ሆንክ ይሉኛል። ሆኛለሁ። ድሮ ሙዝ ከጦጣ እጠብቅ ነበር፤ አሁን ቅባት ከሌባ እጠብቃለሁ። ልዩነቱ ጦጣ ስትይዛት አትከራከርም።

ቁጭ ብዬ የማየው ሴቶች ሲመጡ ነው። "የፊት ስፕሬይ አለ?" ይላሉ። ልጄ ወዲያው አትሸጥም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ደጁ ብርሃን ታወጣቸዋለች፤ ግንባራቸውንና ጉንጫቸውን ታያለች። "ከሰዓት በኋላ ፊትሽ ያብለጨልጫል ወይስ ይወጥርሻል?" ትላለች። የሚያብለጨልጨው ቅባታማ ነው፤ ለእሱ ቀጭኑን፣ የአረንጓዴ ሻዩን ወይም የኪያሩን ትሰጣለች። የሚወጥረው ደረቅ ነው፤ ለእሱ ግሊሰሪን ያለበትን የጽጌረዳ ውሃ። ፀሐይ ላጠቃው የእሬቱን። ለሠርግ ሜካፕ የሚያስይዘው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን "ለአንድ ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም፣ አልኮል አለበት፣ ያደርቃል" ትላለች።

እኔ የገባኝ በገበሬ ነገር ነው። ኩልፎ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ካበዛህበት ሥር ያበሰብሳል። ዳገቱ ላይ ያለው ድንጋያማው ደግሞ ጠጥቶ አይጠግብም። አንዱን እንደሌላው ካጠጣህ ሁለቱንም ገደልክ። ይህን ለማወቅ ሱቅ መክፈት አያስፈልግም።

አንዲት ሴት መጣች። ግንባሯ እንደ ተቀባ መጥበሻ ያበራል። የጽጌረዳውን ያዘች።

"ይሄ ለደረቅ ቆዳ ነው፣ እህቴ" አለቻት ልጄ። "ላንቺ ይከብዳል፤ ብጉር ያወጣብሻል።"

"ጓደኛዬ እሱን ነው የምትረጨው። ፊቷ መስታወት መስሏል።"

"የጓደኛሽ ቆዳ ያንቺ አይደለም።"

"ፊቱስ የኔ አይደል?"

ፊቱ የእሷ ነው። ይዛ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር። የጎማ መፍቻውን ብረት ይዟል። ባጃጇን እንኳ አላጠፋትም፤ ደጃፍ ላይ እየተንተከተከች ትቷት ገባ።

"የሚስቴን ፊት ያበላሸችው የቷ ናት?" አለ።

ልጄ መልስ ሳትሰጥ ብረቱን መደርደሪያው ላይ አሳረፈው። መስታወቱ እንደ በረዶ ፈሰሰ። ጠርሙሶቹ እየተንከባለሉ እግሬ ሥር መጡ። ሁለተኛ ሊመታ ብረቱን ሲያነሣ በርጩማዬን በጀርባው ላይ ሰበርኩት። ዞረና በጡጫ ቅንድቤን አገኘው፤ ጣቱ ላይ ቀለበት ነበረው፣ ቆዳው ተከፈተ። ደሙ ዓይኔን ዘጋኝ። ስለማላይ ያገኘሁትን ያዝኩ፤ እጁ ነበር፤ ነከስኩት። ጥቂት ጥርስ ነው የቀረኝ። የቀሩት ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። ሰውዬው ብረቱን ጣለ።

ልጄ በተሰበረው መስታወት ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረችው። "የሚስትህ ፊት ቅባታማ ነው። ያንን አትግዢ ብያት እምቢ አለች። አሁን ትተወው፤ በቀን ሁለቴ በውሃ ትታጠብ፤ ሌላ ነገር አትንካበት። ይሄዳል።" ከዚያ አንገቱን አየች። "አንተም ከተላጨህ በኋላ አልኮል ያለበት ትረጫለህ። አንገትህ ተልጧል።"

ሰውዬው የነከስኩትን እጁን ይዞ አንገቱን ነካ። "ያቃጥለኛል" አለ።

"እና ተወዋ።"

ሄደ። በሳምንቱ መስታወት ይዞ መጥቶ ራሱ ገጠመው። እኔን ግን ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

ይህን ማውራቴ ልጄ ፊት የምታውቅ ሰው መሆኗን እንድታውቁልኝ ነው። የራሷ ፊት ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። እሷ የሚቆጣ ቆዳ ትለዋለች። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ አቧራ፣ ጭስ፣ የሰው ሽቶ ሳይቀር ያስቆጣዋል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ልጅ ሳለች ቧጭራው ትራሷ ደም ሆኖ አይቻለሁ። ካደገች በኋላ የሚስማማት አንድ ስፕሬይ አገኘች፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አልኮል የለው። ጠርሙሱ ላይ አበባ እንኳ አልተሣለበትም። ፊቷ መቃጠል ሲጀምር እሱን ትረጭና በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ ታደርገዋለች፤ አታሸውም። በረጨችው ቁጥር ጥፍሯ ከፊቷ ይርቃል። ፊቷ ከቆሰለ ደግሞ ሱቁ አለቀ ማለት ነው። ፊቷ የቆሰለ ሻጭ የምትሸጠውን የፊት ነገር ማን ይገዛል?

በየካቲት ወር ታላቅ ወንድሜ ደጋው አገራችን ገረሴ ላይ ሞተ።

ስለ ወንድሜ ይህን ልናገር። የልጄ እናት ወልዳ በአርባ ቀኗ ሞተችብኝ። እኔ ሕፃን ማሳደግ የምችል ሰው አልነበርኩም። የወንድሜ ሚስት ያኔ የሚጠባ ወንድ ልጅ ነበራት። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ ደጋ ወጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኳት። ሴትየዋ ምንም ሳትጠይቅ ልጇን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረችና የኔን አጠባች። ለትምህርት ቤት እስክትደርስ፣ ከዚያም አልፎ እዚያው አደገች። ወንድሜን አባዬ ትለዋለች፣ እኔን አባባ። ሁለት አባት ያላት ልጅ ናት። እውነቱን ለመናገር የተሻለው እሱ ነበር።

ስልኩ የመጣ ዕለት ሱቁን ዘጋች። ልብሷን ስታዘጋጅ መደርደሪያው ጋ ሄጄ አንድ ስፕሬይ አነሣሁ።

"አባባ፣ ይቅር። ለቅሶ ላይ ይዤ ሲያዩኝ ምን ይላሉ?"

"ፊትሽ ሲቃጠል ሲያዩሽስ ምን ይላሉ?"

"አባዬ ሞቶ እኔ ለፊቴ ላስብ?"

"አታስቢ። እኔ አስባለሁ።"

"ይሄ ደግሞ የጽጌረዳው ነው" አለች። "ይጣበቃል፣ የደጋውን አቧራ ሁሉ ይይዝብኛል።" ከእጄ ቀማችኝና የራሷን፣ አበባ የሌለበትን አምጥታ ሰጠችኝ። ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አሁንም ያ ቀን ቢመለስ እከተዋለሁ። የመጣው ነገር ቢመጣም እከተዋለሁ።

ገረሴ ስንደርስ ሜዳው ሞልቷል። የከበረ ሰው ለቅሶ በእኛ አገር እንዴት እንደሆነ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ወንዶቹ ጦር ይዘው እየፎከሩ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣሉ፤ ሞትን እንደ ጠላት ይገጥሙታል። ጦሩ እውነተኛ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። አቧራው ሰውን ከሰው አያስለይም። ሴቶቹ ክብ ሠርተው እየዘለሉ ፊታቸውን ይነጫሉ። ቤተ ክርስቲያን ትከለክላለች፣ ጴንጤዎቹም ይከለክላሉ፤ የወንድሜ ሰፈር ሁለቱንም ሰምቶ ለቅሶ ሲሆን ይረሳል። ጥፍር ከጉንጭ ላይ ቆዳ ይዞ ሲወርድ ድምፅ የለውም። ትንሽ ቆይቶ ነው ደሙ የሚመጣው፤ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠባል። የወንድሜ ሚስት ከሰሌን ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጭዋ ነጭታዋለች። ዝንብ ያርፍባታል፤ አታባርረውም።

ልጄ ገና ከመኪና ስትወርድ "አባዬ" ብላ ጮኸች። እየጮኸች መሬት ላይ ወደቀች፤ አነሡአት፤ ደግማ ወደቀች። ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ፊቷን ግን አልነጨችም። ከዚያ በኋላ ሄዳ ሰሌኑ ላይ፣ ከወንድሜ ሚስት ጎን ተቀመጠች። በእኛ ዘንድ በዚያ ሰሌን ላይ የሚቀመጡት የሟች ልጆች ብቻ ናቸው። በለቅሶው ቀን እዚያ የተቀመጠ ለዘላለም የዚያ ቤት ልጅ ነው። ከሰሌኑ እንዲነሣ የተደረገ ደግሞ ለሠርግም፣ ለሞትም፣ ለሽምግልናም በዚያ ቤት አይጠራም። እንዳልተወለደ ነው።

ቀትር ሲሆን የደጋው ፀሐይ ከነነፋሱ በረታ። ከወንዶቹ በኩል ሆኜ አየኋት፤ ፊቷ ቀልቶ አብጧል፣ ዓይኗ ጠቧል፣ ጣቶቿ ወደ ጉንጯ እየሄዱ ይመለሳሉ። አንዴ ከጀመረች እንደማታቆም አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ወደ ሴቶቹ ክብ መግባት ነውር ነው። ገባሁ። ጠርሙሷን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ተነሥታ ወደ እንሰቱ አጥር ፊቷን አዞረችና ረጨች። በጨርቋ ነካ ነካ አደረገች። ፊቷ እርጥብ እንደሆነ ወደ ሰሌኑ ዞረች።

የወንድሜ ልጅ ተመለከታት። ከእሷ ጋር አንድ ጡት የጠባው ነው፤ እኩያዋ ነው። ጦር ይዞ ሲሮጥ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እዩልኝ" አለ። "እንባዋን ከጠርሙስ ነው የምትቀዳው።"

ሯጮቹ ቆሙ። አንዲት ሴት "ለካ እንዲያ ነው" አለች። ሌላዋ "ከተማ እንባም ይሸጣሉ እንዴ?" አለች። በእኛ አገር ምራቁን ዓይኑ ላይ ቀብቶ የሚያለቅስ ሰው ከሌባ በታች ነው። በሙት ላይ የሐሰት እንባ ማፍሰስ ጎሜ ነው፤ ነውርም እርግማንም ማለት ነው፤ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠርሙስ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ፊቱን ዞር አድርጎ ውሃ ረጭቶ ሲመለስ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ?

"የእናቴን ጡት ተካፈልሽኝ" አላት። "አባቴንም ተካፈልሽኝ። አሁን በሬሳው ላይ ትቀልጂያለሽ?"

"ፊቴ ተቃጥሎ ነው፣ ወንድሜ" አለችው።

በጦሩ እንጨት እጇን መታው። ጠርሙሱ ተወረወረ። እሷ ልታነሣው ስታጎነብስ በመዳፉ ጠርዝ ጉንጯን አገኛት። ያን ያበጠውን ፊት። በጎኗ ወደቀች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም አፏን ሞላው።

ዱላ የያዝኩት ለጉልበቴ ነው። ያን ጊዜ ጉልበቴን ረሳሁት። ሁለተኛ ሊመታት ክንዱን ሲያነሣ በሁለት እጄ ጨብጬ ከክርኑ ዝቅ ብሎ አሳረፍኩበት። የተሰማው ድምፅ የቀርከሃ ነው፣ ደረቅ ቀርከሃ ሲሰበር። ጦሩ ወደቀ። ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። አልጮኸም፤ ክንዱን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደመታኝ አላውቅም። ከኋላ በሽመል ትከሻዬን አሉኝ። ጎድኔ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ። ወደቅሁ፤ ረገጡኝ። አፌ ውስጥ አቧራና ጥርስ ነበር፤ ጥርሱን ተፋሁት። ያገኘሁትን እግር ጎትቼ ጣልኩ፤ በላዩ ወጥቼ ፊቱን በጡጫ ደበደብኩ። ማን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ሰዎች ለእሱ ወግነው እኔን ሲመቱ፣ ሌሎች እነሱን ሲመቱ፣ አንድ ሰው ጦሩን ሊያነሣ ሲሮጥ አየሁ። ጦሩ ከተነሣ በዚያ ቀን ሁለት ሦስት ሬሳ ይቀበር ነበር።

አንድ ሽማግሌ፣ ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሳር ነቅሎ መጣ። ሳሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በመሃላችን ተንበረከከ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ሳር ይዘው በጎኑ ተንበረከኩ። ሳሩን ረግጦ የሚያልፍ ሰው ከአገሩ ይወጣል፤ ከብቱም፣ ማሳውም፣ ልጁም አይባረክም። ዱላዎቹ ቆሙ። የኔም ክንድ አየር ላይ ቆመ። ወዲያው ግን አልወረደም። ሽማግሌው አየኝና ቆየ። አወረድኩት።

እዚያው በዱቡሻችን፣ ሰው በሚሸማገልበት ድንጋይ ላይ አስቀመጡን። የወንድሜ ልጅ ክንድ በቀርከሃ ቁራጭ ታሰረ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ተቀምጧል።

"ምን ትላለህ?" አለው ሽማግሌው።

"እህቴ ከሆነች እንደ ሴቶቹ ፊቷን ትንጭ። ካልሆነች ከእናቴ ሰሌን ትነሣ።"

ሰዉ አጉረመረመ። አብዛኛው ልክ ነው ያለ መሰለኝ።

ሽማግሌው ተነሥቶ ልጄ ዘንድ ሄደ። ጉንጯን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን ቀመሰው። "ጨው ነው" አለ። "ውሃ ጨው የለውም። ይህ እንባ ነው።"

"ላብም ጨው ነው" አለ የወንድሜ ልጅ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና በእጁ አፈነው።

"እንግዲያው ያንተን ጉንጭ ልቅመስ?" አለው ሽማግሌው። "ከጠዋት ጀምሮ ስትሮጥ ነው ያየሁህ።"

የወንድሜ ልጅ መሬት አየ። ሆኖም ያለውን አልተወም። ግትር ነው፤ የቤታችን ነገር ነው።

ያን ጊዜ ልጄ ተነሣች። "እነጫለሁ" አለች። "ለእሱ ብዬ አይደለም። ለአባዬ።"

ጥፍሯ ጉንጯ ላይ አረፈ። ሦስት መስመር ከግራ ዓይኗ ሥር ወረደ፤ ቀይ ሆኖ ተከፈተ። ቆዳዋ ቀድሞም የተቆጣ ስለነበር እንደ ሌላው ሴት አልቆየም፤ ደሙ አብሮ ወረደ። ተፈናጥሬ ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩ።

"አባባ፣ ልቀቀኝ።"

"አልለቅም።"

"ሰው ፊት አታዋርደኝ።"

"አልለቅም አልኩሽ። የሌላው ሴት ፊት ይድናል፣ ያንቺ አይድንም።"

"ያሳደገኝ እሱ ነው። አንተ አይደለህም።"

"አውቃለሁ። አልለቅም።"

ታገለችኝ። የታመመውን ጉልበቴን በእግሯ መታችኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። ክንዴን ነከሰችው። ጎድኔ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይወጋኛል። አልለቀቅኩም። የጣቴ ምልክት የእጇ አንጓ ላይ ለብዙ ቀን ቆየ። ሰዉ ቆሞ አባትና ልጅ ሲደባደቡ ያያል። ሽማግሌዎቹ እንኳ ሳራቸውን አላነሡም፤ አባትና ልጅ መሃል ሳር አይገባም።

የወንድሜ ሚስት ከሰሌኗ ተነሣች። በለቅሶ ቀን መበለት ከሰሌን አትነሣም። ተነሣች፣ በሰዉ መሃል አልፋ መጣች።

"ልጄን ልቀቃት" አለችኝ።

"ፊቷን ትነጫለች።"

"ልቀቅ አልኩህ። ስትሰጠኝ ጠየቅኩህ እንዴ? አሁንም አትጠይቀኝ።"

ለማንም አልለቅም ነበር። ለእሷ ለቀቅሁ።

ሴትየዋ የልጄን እጆች በሁለት እጇ ያዘቻቸውና ወደ ሰሌኑ ወስዳ አስቀመጠቻት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በክንዷ ተጫነቻቸው። ከዚያ ዙሪያውን አየች። "ያ ጠርሙስ የታለ?" አለች። አንድ ሰው ከአቧራው ውስጥ አነሣው፤ ጎኑ ጎድጉዷል እንጂ አልፈሰሰም።

"ርጪልኝ" አለች። "የኔም ፊት ይቃጠላል።"

ልጄ የሴትየዋን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ልክ ሱቅ ውስጥ እንደምታደርገው። የተተረተረውን ሁሉ በዓይኗ ተከተለች። በተሰነጠቀ ከንፈሯ፣ በተዘጋ ድምፅዋ መለሰች።

"እማዬ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም።"

"ለምን?"

"ላልተቀደደ ቆዳ ነው። ቁስል ላይ አይረጭም፤ ሊያመረቅዝብሽ ይችላል።"

"አንቺ ትረጪው የለ?"

"የኔ ተቆጥቶ ነበር እንጂ አልቆሰለም። አሁን እኔም አልረጨውም። ውሃ ይፍላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ጨው ትንሽ ይግባበት። በንጹሕ ጨርቅ።"

"ጨውማ ያቃጥላል።"

"ያቃጥላል።"

"እሺ አምጡላት" አለች ሴትየዋ።

እዚያ ሜዳ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን ሰማ። ለማስመሰል የመጣች ሴት ብትሆን ኖሮ በሰው ሁሉ ፊት "ርጪልኝ" ስትባል ረጭታ ትገላገል ነበር። ይህን እኔ አልተናገርኩም፤ ከወንዶቹ አንዱ ነው የተናገረው፤ ሌላውም "እውነት ነው" አለ። ሴትየዋ ግን የማንንም ቃል አልጠበቀችም። ወደ ልጇ ዞረች።

"ያጠባኋት እኔ ነኝ። ሰሌኔ ላይ ማን እንደሚቀመጥ የማውቀውም እኔ ነኝ። አንተ ክንድህን ይዘህ መጥተህ እዚህ ጎኗ ተቀመጥ።"

ቆየ። መጣ። ተቀመጠ።

ውሃው ሲመጣ ልጄ የሴትየዋን ፊት አጠበች፤ ሴትየዋ በእያንዳንዱ ንክኪ ትንፋሿን ትውጣለች። ከዚያ ልጄ የራሷን ሦስት መስመር አጠበች። ከዚያ ጨርቁን ቀይራ፣ የወንድሜ ልጅ ግንባር ላይ ዱላ የነካውን አንድ ቦታ አየችና ምንም ሳትጠይቀው አጠበችው። ጥርሱን ነከሰ። "ጨው አብዝተሻል" አላት። "አላበዛሁም፤ አንተ ነህ ፈሪው" አለችው። ልጆች ሳሉ እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ስለ ጥፊው የወንድሜ ልጅ እርጥብ ሳር በእግሯ ሥር እንዲያኖር፤ በግራ እጁ አኖረ። ስለ ክንዱ ደግሞ፣ የሰበረው እጅ፣ የተሰበረው እስኪድን ድረስ፣ በእሱ ፈንታ እንዲሠራ። ይኸውም የኔ እጅ ነው።

"ተስማማህ?" አለኝ ሽማግሌው።

"መጀመሪያ በአፉ እህቴ ናት ይበል።"

"ሳሩን አኖረ እኮ።"

"ሳር አፍ የለውም። በአፉ ይበል።"

ጎድኔን ይዤ፣ አፌ ደም ሆኖ፣ ጥርሴ ወልቆ ተቀምጬ ሽማግሌዎቹን አስቸገርኩ። ጀምበር ዘመመች። ሰው ደከመው። በመጨረሻ የወንድሜ ልጅ ቀና አለ።

"እህቴ ናት" አለ። "አባቷ ግን እብድ ነው።"

ሁለቱም እውነት ስለሆነ ተስማማሁ።

ሦስቱ መስመር ልጄ ፊት ላይ ዛሬም አለ፤ እንደፈራሁት አብጦ ነው የዳነው። ሱቁም አልተዘጋም። ሰው ሲጠይቃት "የአባቴ ለቅሶ ነው" ትላለች። በዱቄትም አትሸፍነውም።

በለቅሶው ማግስት ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ ተነሣሁ። ጎድኔን በነጠላ አጥብቄ አሰርኩ። ባለ ሁለት ጥርሱን መቆፈሪያ ከጓዳ አውጥቼ ወደ ወንድሜ ልጅ ማሳ ወረድኩ፤ ችግኝ ሊተክልበት ያሰበውን መሬት ጀመርኩ። አንዴ ቆፍሬ እቆማለሁ፣ ተንፍሼ ደግሞ እቆፍራለሁ። ከኋላዬ መጣ። ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ፣ "እንሰት ነው የሚተከልበት፤ ጠለቅ አድርገው" አለኝ።

ጠለቅ አደረግኩት።